«ስቲል ማግኖሊያስ»ን ለመድረክ እንዴት እናዘጋጅ?

የሮበርት ሃርሊንግ ተውኔት «ስቲል ማግኖሊያስ» ኒውዮርክ ውስጥ መጀመሪያ የታየው በ1987 እ.ኤ.አ. ነው። ስድስት ሴቶች በአንዲት የሉዊዚያና ትንሽ ከተማ፣ ከእነሱ አንዷ በሆነችው በትሩቪ ፀጉር ቤት ይገናኛሉ፤ ይሳሳቃሉ፣ ይነካከሳሉ፣ በኋላም ሐዘን ይቀመጣሉ። ባሎቻቸውን የምናውቃቸው በወሬ ብቻ ነው። ደራሲው የጻፈው እህቱ በስኳር በሽታ መዘዝ ካረፈች በኋላ ስለሆነ፣ ሳቁን ብቻ ይዞ የሚነሳ አዘጋጅ ግማሹን ተውኔት ይጥላል።

1. ፈቃድ። የማሳየትና የመተርጎም ፈቃድ ለየብቻ ናቸው። ሁለቱም በጽሑፍ ሳይመጡ ልምምድ አትጀምሩ።

2. ፀጉር ቤቱ። ሁለት ወንበር፣ አንድ ማጠቢያ፣ አንድ ካስክ (የፀጉር ማድረቂያ) ይበቃል። እውነተኛ መስታወት አታስገቡ፤ መብራቱን ተመልካቹ ዓይን ላይ ይወረውራል። ባዶ ክፈፍ ከመድረኩ ፊት ስቀሉ፤ ተዋናዮቹ «መስታወት» ሲያዩ ፊታቸው ወደ አዳራሹ ይዞራል። ከማጠቢያው ሥር ባልዲ አትርሱ። መጀመሪያ ላይ የሚሰማው የጥይት ድምፅ ከአዳራሹ ስፒከር ሳይሆን ከመድረኩ ጀርባ ይምጣ፤ የሚተኮሰው ጎረቤት ግቢ ነውና።

3. የፀጉር ሥራው። እንደ ቃለ ተውኔቱ ይጠና። የትኛው ሮለር በየትኛው ቃል ላይ እንደሚጠቀለል ከጽሑፉ ጠርዝ ጻፉ። ትሩቪ እጇ ካልፈጠነ ሮለሩን ልትጨርስ ንግግሯን ታዘገያለች፣ ቀልዱም ይሞታል። ስለዚህ ሮለርና ማበጠሪያ ከመጀመሪያው የቁም ልምምድ ጀምሮ ይያዝ፤ የኋላው ፀጉር ደግሞ መጋረጃው ሳይከፈት ተጠቅልሎ ይጠብቅ። ማድረቂያው አይሰካ፣ ድምፅ ይውጣል። በስፕሬይ ቆርቆሮ ፋንታ ውሃ የያዘ መርጫ ይሻላል።

4. የስኳር ሕመምተኛዋ ሼልቢ ስኳሯ ሲወርድ። እንደሚጥል በሽታ መንፈራገጥ የተለመደ ስህተት ነው። ላብ፣ የእጅ መንቀጥቀጥ፣ ግራ መጋባት፣ ያለ ምክንያት መቆጣት ይበቃል። የብርቱካን ጭማቂው ብርጭቆ ፕላስቲክ፣ ሲሶው ብቻ የተሞላ ይሁን፤ ስትገፋው ዊጉ ላይ እንዳይፈስ። እናቷ ምሊን ግን አትደነግጥም፤ ይህን ብዙ ጊዜ አሳልፋዋለች።

5. የመጨረሻው ትዕይንት። ምሊን የልጇን የሼልቢን ሞት ስትናገር ከመጀመሪያው ቃል ካለቀሰች፣ ቁጣው ሲመጣ የሚቀራት ነገር የለም። የሆስፒታሉን ጉዳይ እንደ ተራ ነገር ረጋ ብላ ትዘርዝር። ሌሎቹ አያልቅሱ፤ ተመልካቹን ይቀድሙታል። ምሊን የሆነ ነገር መምታት እንደምትፈልግ ስትጮህ፣ ከስድስቱ አንዷ ክሌሪ ሌላዋን ጓደኛቸውን ዊዘርን ይዛ «ይህቺን ምቺ» የምትልበት ቦታ ነው የሚያስቸግረው። ክሌሪ አንድ ትንፋሽ እንኳ ከዘገየች ተመልካቹ ቀልዱን ያሸተዋል። ፈገግ ብላ ወደ አዳራሹ ካየችም አበቃ፤ የምሯን መሆን አለበት። ዊዘርም ለማሳቅ አትሞክር፣ በእውነት ትፍራ። መድረክ ላይ መጀመሪያ የምትስቀው ምሊን ናት። ቀጣዩ ንግግር የአዳራሹ ሳቅ ግማሽ ሲወርድ ይግባ፤ ጭራሽ እስኪጠፋ ከተጠበቀ ትዕይንቱ ይቀዘቅዛል።

6. የትዕይንት ለውጦቹ። ታሪኩ ከሚያዝያ ወደ ታኅሣሥ፣ ከዚያም ወደ ሰኔና ኅዳር ይሄዳል፣ በፈረንጆቹ አቆጣጠር። ለታኅሣሡ የገና ጌጥ በቂ ነው፣ ዕቃ ማመላለስ አያስፈልግም። ጊዜ የሚበላው ዊግና ልብስ ስለሆነ ለእያንዳንዷ ተዋናይ አንድ ረዳት ከመጋረጃው ጀርባ መድቡ።