ሲጨምቅ የሚዘል የልብስ ማጠቢያ ማሽን፦ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ማሽኑ ልብሱን አጥቦና አለቅልቆ መጭመቅ ሲጀምር ቤቱን የሚያናውጥ ከሆነ፣ መጀመሪያ የሚጠየቀው መንቀጥቀጡ ከመቼ እንደጀመረ ነው። ገና ከተገዛበት ቀን ጀምሮ ከሆነ የማጓጓዣ ብሎን ወይም የእግር ጉዳይ ነው። ቤት ከተቀየረ በኋላ ከመጣ ወለሉ ወይም በጉዞ የተጎዳ ሾክ አብዞርበር (የድራሙን ንዝረት የሚያበርደው ዘንግ) ይጠረጠራል። አንዱን ልብስ ሲጨምቅ ዘሎ ሌላውን ሲጨምቅ ጸጥ የሚል ማሽን ምንም አልሆነም፤ ጥፋቱ አጫጫኑ ላይ ነው። በወራት ውስጥ ቀስ በቀስ እየባሰ የመጣ ግን ማስከፈቱ አይቀርም። ብዙ ሰው ከዚህ ከመጨረሻው ይጀምርና ዕቃ ይገዛል። እኛ ገንዘብ ከማያስወጣው እንጀምር።

አንድ ነገር ግን አስቀድሞ ይታወቅ፦ ድራሙ ፍጥነት እየጨመረ ሲሄድ ለጥቂት ሰከንድ መንቀጥቀጡ ያለ ነው። ሙሉ ፍጥነቱ ላይ ደርሶም ካልተረጋጋ ነው ችግር የሚባለው።

ጋቢን ለብቻው መክተት

ከሁሉም የበዛው ስህተት ይሄ ነው። ጋቢ፣ ቡሉኮ፣ የመታጠቢያ ቤት ምንጣፍ፣ አንድ ወፍራም ፎጣ ብቻቸውን ሲገቡ ውሃውን ጠጥተው ይጠቀለሉና አንድ ጎን ላይ ይከመራሉ። ጥጥ ከራሱ ክብደት የሚበልጥ ውሃ ይይዛል፤ በተቃራኒው ጎን ደግሞ ሚዛኑን የሚጠብቅ ምንም ልብስ የለም።

ምን ያህል ጉልበት እንደሚፈጠር በቁጥር እንየው። ስፋቱ 48 ሳንቲ ሜትር በሆነ ድራም ውስጥ በአንድ ጎን 1 ኪሎ ትርፍ ክብደት ቢኖርና ማሽኑ በደቂቃ 1,200 ዙር ቢሽከረከር፣ ያቺ አንድ ኪሎ ድራሙን የምትጎትተው 390 ኪሎ ገደማ በሚሆን ኃይል ነው። ፍጥነቱን ወደ 800 ቢያወርዱት ወደ 170 ይወርዳል፤ በ600 ደግሞ 100 እንኳ አይሞላም። ፍጥነቱ በግማሽ ሲቀንስ ኃይሉ ወደ ሩብ ስለሚወርድ፣ ለከባድና ወፍራም ልብስ የጭመቃውን ፍጥነት መቀነስ ከማንኛውም ጥገና የረከሰ መፍትሔ ነው። ልብሱ ትንሽ እርጥብ ብሎ ይወጣል እንጂ ሌላ ጉዳት የለውም።

ጋቢ ማጠብ ካለብዎት ሁለቱን አንድ ላይ ያስገቡ፤ ወይም አንዱን ከሁለት ሦስት ፎጣ ጋር ይቀላቅሉት። ድራሙን እስከ አፉ መጠቅጠቅም መፍትሔ አይደለም፤ ከላይ አንድ መዳፍ የሚያስገባ ክፍተት ይተዉ። የብርድ ልብስ ሽፋን ከሆነ ዚፑን ወይም ቁልፉን ዘግተው ይክተቱት፤ አለበለዚያ ካልሲውንና ሸሚዙን ሁሉ ውጦ አንድ ትልቅ እርጥብ ኳስ ይሆናል።

አዳዲሶቹ ማሽኖች ሚዛን እንደጠፋ ሲያውቁ ድራሙን ወዲያና ወዲህ እያዞሩ ልብሱን ለመበተን ደጋግመው ይሞክራሉ። ካቃታቸው ይቆማሉ። ኤልጂና ሳምሰንግ ላይ «ዩ ኢ» የሚሉት ሁለት ፊደላት ሲበሩ መልእክቱ ይኸው ነው። ብልሽት አይደለም፤ ክፈቱና ልብሱን በትኑት፣ ከዚያ ጭመቃውን ብቻ በዝቅተኛ ፍጥነት አስጀምሩት።

ውሃ የማያሳልፉ ነገሮች፣ ማለትም የፍራሽ መከላከያ ላስቲክና የዝናብ ጃኬት፣ ከጋቢም ይብሳሉ። ውሃውን እንደ ከረጢት ቋጥረው ይይዙታል፤ በድንገት ሲለቁት ደግሞ ሚዛኑ በአንዴ ይገለበጣል። ሳምሰንግ እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2016 አሜሪካ ውስጥ ወደ 2.8 ሚሊዮን የሚጠጉ ከላይ የሚከፈቱ ማሽኖቹን ከገዢዎች መልሶ የጠራው በጭመቃ ጊዜ ድራሙ ሚዛኑን ስቶ የማሽኑ የላይኛው ክፍል ሊነቀል ስለሚችል ነበር። ባለቤቶቹ እስኪስተካከልላቸው ድረስ የአልጋ ልብስ፣ ግዙፍና ውሃ የማያስገባ ዕቃ በዝቅተኛ ፍጥነት ብቻ እንዲያጥቡ ተነግሯቸው ነበር። በተለይ የፍራሽ መከላከያ ላስቲክ በእጅ ቢታጠብ ይሻላል።

የማጓጓዣውን ብሎን ሳያወጡ ማስነሳት

ከፊት የሚከፈት ማሽን ከፋብሪካ ሲወጣ ድራሙ በመንገድ እንዳይወዛወዝ ከጀርባው በ3 ወይም በ4 ረጃጅም ብሎኖች ይታሰራል። ብሎኖቹ እንዳሉ ከተነሳ ሾክ አብዞርበሩና ሞላው ሥራ የላቸውም፤ የድራሙ ርግጫ በሙሉ በቀጥታ ወደ አካሉ ያልፋል፣ ማሽኑም ክፍሉን ያቋርጣል። ማጣራቱ ቀላል ነው፦ በሩን ከፍተው ድራሙን በእጅ ወደ ላይ ይግፉት። ተንሳፎ መወዛወዝ አለበት። ከአካሉ ጋር አንድ ላይ ደርቆ ከቆመ ብሎኑ አልወጣም።

ከ10 እስከ 13 ባለው ቁልፍ ይፈታል። ብሎኑን ከነላስቲኩና ከነፕላስቲኩ ይሳቡትና በተረፈው ቀዳዳ አብሮ የመጣውን ክዳን ይክተቱበት። ብሎኖቹን አይጣሉ። ቤት ሲቀየር ማሽኑ ሳይታሰር አይሱዙ ላይ ተጭኖ፣ በኮብልስቶንና በጉድጓድ መንገድ ሲንገጫገጭ ሾክ አብዞርበሩ ይሰበራል፤ ሞላውም ከመንጠቆው ይወጣል። ከዱባይ ወይም ከሳዑዲ በካርጎ ያገለገለ ማሽን የሚልክ ዘመድ ካለ ከማስጫኑ በፊት ብሎኖቹን መልሶ እንዲያስር ይነገረው።

እግሩ ሥር ካርቶን መወሸቅ

የኮንዶሚኒየም መታጠቢያ ቤት ወለል ውሃው ወደ መውረጃው እንዲሄድ ሆን ተብሎ ያዘነበለ ነው። ማሽኑ እዚያ ሲቆም ከአራቱ እግሮች አንዱ መሬት አይነካም፤ ሰዉም ካርቶን፣ የእንጨት ቁራጭ ወይም የሴራሚክ ስብርባሪ ይወሽቅበታል። ካርቶን በሁለት እጥበት ውሃ ጠጥቶ ይሟሟል፣ እንጨቱም በመንቀጥቀጡ ተንሸራቶ ይወጣል። እግሩ ራሱ የሚስተካከል ብሎን ስለሆነ ውሸቃ አያስፈልገውም።

ሶኬቱን ይንቀሉ። ግንበኛ የሚሠራበትን ውሃ ልክ ከማሽኑ አናት ላይ ያስቀምጡ። በእያንዳንዱ እግር ላይ ያለውን ዳዶ ያላሉና አራቱንም እግሮች እስከ መጨረሻው ወደ ውስጥ ያስገቧቸው፤ ማሽኑ ዝቅ ባለ ቁጥር ይረጋጋል። ከዚያ ዝቅ ያለውን ማዕዘን ብቻ እያወጡ መጀመሪያ ከግራ ወደ ቀኝ፣ ቀጥሎ ከፊት ወደ ኋላ ያስተካክሉ። ውሃ ልኩ መሃል ላይ ስለቆመ ብቻ አያምኑት። ሁለት ሰያፍ ማዕዘኖችን በሁለት እጅ እየተፈራረቁ ወደ ታች ይጫኑ፤ ትንሽ እንኳ ከነቀነቀ አንዱ እግር ክብደት አልያዘም ማለት ነው። በመጨረሻ ዳዶውን ወደ ላይ፣ ከማሽኑ አካል ጋር እስኪጣበቅ ያጥብቁት። ይህችን የመጨረሻ ሥራ የሚዘሉ ብዙ ናቸው፤ ዳዶው ካልጠበቀ እግሩ በንዝረቱ ራሱን ይፈታና በሳምንታት ውስጥ ወደ ነበረበት ይመለሳል።

አሜሪካ ውስጥ በሚበዙት ከላይ የሚከፈቱ ማሽኖች አንዳንዶቹ የኋላ እግራቸው ራሱን ያስተካክላል። የእነዚህን ጀርባ 10 ሳንቲ ሜትር ያህል ከፍ አድርጎ መልሶ ማስቀመጥ ብቻ ይበቃል።

ወፍራምና ለስላሳ ጎማ ከሥሩ ማንጠፍም የተለመደ ነው። ድምፁን ለታች ጎረቤት ይቀንሳል፤ መንቀጥቀጡን ግን ሊያብሰው ይችላል፣ ማሽኑ የሚቆምበት ነገር ራሱ ስለሚተጣጠፍ። ጎማ ካስፈለገ ስስና ጠንካራ ይሁን፤ ማሽኑ ልኩ ከተስተካከለ በኋላ ይግባ። ጎማ ያላቸው ተሽከርካሪ መቆሚያዎችንስ ለፍሪጅ ይተዉላቸው። ሲንቀጠቀጥ ይዞ መቆም ወይም አናቱ ላይ ድንጋይ መጫን ደግሞ ጨርሶ የማይሞከር ነው።

ባለ ሁለት ገንዳውን እንደ ማዳበሪያ መጠቅጠቅ

የባለ ሁለት ገንዳ ማሽን መጭመቂያ ጠባብ ቢሆንም ፈጣን ነው፤ ብዙዎቹ በደቂቃ 1,300 ዙር ገደማ ይሄዳሉ። ልብሱን ከማጠቢያው ጎትተው እንደተጠማዘዘ ከከተቱት መጮኹ አይቀርም። ፈትተው፣ እየዘረጉ፣ በቅርጫቱ ዙሪያ እኩል ያንጥፉት። በላዩ ያቺን ቀዳዳ ያላትን ፕላስቲክ ክዳን ይጫኑ። እሷ ስትጠፋ ካልሲና የሕፃን ልብስ ወደ ላይ ይወጡና በቅርጫቱና በገንዳው መሃል ይወድቃሉ፤ «ሞተሩ ተበላሸ» የሚባለው ብዙ ጊዜ አንዲት ካልሲ ናት። ባዶ ሆኖ ቅርጫቱ ወደ አንድ ጎን ካዘመመ ግን ከሞተሩ ሥር ካሉት ባለ ላስቲክ ሞላዎች አንዱ ተሰብሯል።

ውሃው ሳይወጣ ስለሌላው ማሰብ

ድራሙን ከውጭ የከበበው ገንዳ ሥር የቀረ ውሃ ራሱ ክብደት ነው። ከፊት በታች ያለውን የፍሳሽ ማጣሪያ ጨርቅ አንጥፈው ይክፈቱት፤ ሳንቲም፣ የፀጉር ጌጥ፣ የክር ጉንጉን ያገኛሉ። የመውረጃው ቱቦ ጫፍ በአብዛኞቹ ማሽኖች ከወለሉ ከ60 እስከ 100 ሳንቲ ሜትር ከፍታ ላይ መሆን አለበት።

ሳይፈትሹ ዕቃ መግዛት

ከላይ ያለው ሁሉ ተሠርቶ ካልተረጋጋ ያኔ ውስጡ ይታያል። ሶኬቱ ተነቅሎ፣ ድራሙ ባዶ ሆኖ፣ ወደ ታች ይጫኑትና በድንገት ይልቀቁት። አንዴ ተመልሶ ጸጥ ካለ ሾክ አብዞርበሩ ደህና ነው። ሁለት ሦስቴ ከዘለለ አልቋል። ሲቀየር ሁሉም አብሮ ይቀየራል፤ አንዱ አዲስ ሌላው አሮጌ ከሆነ ድራሙ ወደ ደካማው ጎን ያጋድላል። ከላይ በሚከፈቱት ውስጥ ይህን ሥራ የሚሠሩት በአራቱ ማዕዘን የተንጠለጠሉት ባለ ሞላ ዘንጎች ናቸው።

ከሾኩ ጋር፣ ገንዳው ላይ የታሰሩትን የኮንክሪት ክብደቶች ብሎንም ይፈትሹ። ላልቶ የሚገኝ ብሎን «ዷ፣ ዷ» የሚል ድምፅ ይሰጣል፤ የሚያስፈልገውም ቁልፍ ብቻ ነው።

ኩሽኔታ ሌላ ምልክት አለው። የውስጡን ድራም ከንፈር ይዘው ወደ ላይና ወደ ታች ያንቀሳቅሱ። ከገንዳው ጋር አብሮ ከተንቀሳቀሰ ጤነኛ ነው፤ ገንዳው ቆሞ ድራሙ ብቻውን «ቀጭ» ካለ ኩሽኔታው ሄዷል። በእጅ ሲዞር አሸዋ የሚፈጭ ድምፅ፣ ከጀርባ ቡናማ የዝገት ነጠብጣብ ካለ ጥርጥር የለውም። ኩሽኔታውን የሚያበላሸው፣ ውሃ የሚያግደው ላስቲክ («ሲል») ሲያረጅ የሚገባው ውሃ ስለሆነ፣ ሲሉን ሳይቀይሩ ኩሽኔታ ብቻ መቀየር ሥራውን በቅርቡ መድገም ነው። ሁለቱም ኩሽኔታዎች ይቀየሩ፤ ልካቸው ጎናቸው ላይ ተጽፏል፣ 6205 እና 6206 ከተለመዱት ጥንዶች አንዱ ነው። ዋጋ ከመስማማትዎ በፊት ገንዳው በብሎን የተያያዘ መሆኑን ባለሙያውን ይጠይቁ። በሙቀት ተበይዶ የተዘጋ ከሆነ ወይ በመጋዝ ይቆረጣል፣ ወይ ከነድራሙ ይቀየራል፤ ያኔ ሒሳቡ ሌላ ነው።

ድራሙ ሲዞር አፉ ላይ ያለው ክፍተት አንዴ ሰፍቶ አንዴ ከጠበበና ብረት የሚፍቅ ድምፅ ከሰጠ፣ ከጀርባው የያዘው ባለ ሦስት ክንድ የአሉሚኒየም መያዣ ሊሆን ይችላል። ያልተለቀለቀ የሳሙና ቅሪት ሲጠራቀምበት ይበላዋል፤ አንዱ ክንድ ሲሰነጠቅ ድራሙ ገንዳውን ይቀድዳል። በዚህ ሁኔታ «ይህችን ብቻ ላጥብበት» አይባልም፤ ሶኬቱ ተነቅሎ ይቆይ።