ያለ ፎም መላጨት፦ ምልክቱ፣ መንስኤውና መፍትሔው

በቆርቆሮ ታሽጎ የሚሸጠው የመላጫ ፎም ሲያልቅ ወይም ዋጋው ከኪስ ጋር አልስማማ ሲል፣ አብዛኛው ሰው መጀመሪያ የሚያነሣው መታጠቢያ ቤቱ ውስጥ ያገኘውን ሳሙና ነው፤ ፊቱ ሲቃጠልም ጥፋቱን ሁሉ በሳሙናው ላይ ይጥላል። ፎም ግን የተለየ ምስጢር የለውም። አብዛኛው ውኃ ነው፤ ስቴሪክ ከሚባል የስብ አሲድ የተሠራ ሳሙናና ጥቂት ግሊሰሪን ይጨመርበታል፤ የሚያስነፋውም እንደ ቡቴንና ፕሮፔን ያለ፣ ወጥ ቤት ከምናውቀው ጋዝ ብዙ ያልራቀ ጋዝ ነው። ሥራው ውኃውን ጺሙ ላይ ይዞ ማቆየት፣ ምላጩን በቆዳው ላይ ማንሸራተትና የትኛው ቦታ ገና እንዳልተላጨ ማሳየት ነው። ስለዚህ ተተኪ ሲመርጡ ስለ አረፋው ብዛት አይጨነቁ፤ ውኃ ይይዛል ወይ፣ ያንሸራትታል ወይ ብለው ይጠይቁ።

ምላጩ ጺሙን ይጎትታል

ይህ ከሁሉም የሚበዛው ቅሬታ ሲሆን፣ ፊት ላይ የተቀባው ምንም ይሁን ምን ሊደርስ ይችላል። ዋናው መንስኤ ያልራሰ ጺም ነው። ደረቅ ጺም ጠንካራ ነው፤ ውኃ ሲጠጣ ግን ያብጣል፣ ይለሰልሳል፣ ለመቁረጥ የሚያስፈልገውም ኃይል በእጅጉ ይቀንሳል። ለውጡ በቅጽበት አይመጣም፤ በሞቀ ውኃ ሁለት ወይም ሦስት ደቂቃ ይወስዳል፣ በቀዝቃዛ ደግሞ ከዚያ ይረዝማል። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ስላለች፣ በተለይ ከጥቅምት እስከ ጥር ባሉት ወራት፣ ጠዋት ከቧንቧ የሚቀዳው ውኃ እጅ ያደነዝዛል፤ ደረቁ አየርም ፊት ላይ ያለውን እርጥበት ቶሎ ይመጥጠዋል። አራት ኪሎ አካባቢ በምኖርበት ግቢ ውኃ በፈረቃ ስለሚመጣ፣ እኔም ለዓመታት ከጀሪካን በቀዳሁት አንድ ጆግ ቀዝቃዛ ውኃ ፊቴን እርስ አድርጌ ወዲያው እላጭ ነበር፤ አንገቴ በቀላ ቁጥርም ሳሙና ስቀያይር ኖርኩ።

መፍትሔው ብዙ ውኃ አይጠይቅም። የሚመቸው ጊዜ ከገላ መታጠብ በኋላ ነው። ያ ካልሆነ ለሻይ ከተጣደው ውኃ አንድ ብርጭቆ ቀንሰው በቀዝቃዛ ያለዝቡት፤ ትንሽ ፎጣ ነክረው ከጨመቁ በኋላ ጺምዎ ላይ ሦስት ደቂቃ ያህል ያቆዩት፤ ፎጣው ሲቀዘቅዝ ደግመው ይንከሩት። ከዚያ ፊትዎን ሳያደርቁ፣ ውኃው ገና ላዩ ላይ እያለ፣ የመረጡትን ተተኪ ይቀቡ። ይህ ሁሉ ተደርጎ አሁንም የሚጎትት ከሆነ ምላጩ ደንዟል፤ ከ5 እስከ 7 ጊዜ ከተላጩበት በኋላ መቀየር ይገባል።

ሳሙናው አረፋ አይወጣውም፣ ወይም ፊት ላይ ይደርቃል

ሁለቱ አንድ ቢመስሉም መንስኤያቸው የተለያየ ነው። አረፋ አልወጣ ካለ ውኃውን ይጠርጥሩ። የከተማችን ውኃ ከአንድ ቦታ አይመጣም፤ ከለገዳዲና ከገፈርሳ የሚመጣው በግድብ የተጠራቀመ ነው፣ ከአቃቂ በኩል የሚመጣው ደግሞ ከጉድጓድ የሚሳብ ነው። ውኃ በመሬት ውስጥ በዓለት መካከል ሲያልፍ ካልሲየምና ማግኒዚየም ስለሚሟሙበት፣ እነዚህ ማዕድናት ከሳሙናው ጋር ተዋህደው የማይሟሟ ነጭ ዝቃጭ ይሆናሉ፤ አረፋውም በዚያው ይመክናል። ማረጋገጫው ቀላል ነው፤ በክረምት ጥቂት የዝናብ ውኃ በንጹሕ ዕቃ ይዘው በዚያው ሳሙና ቢሞክሩና አረፋው ቢትረፈረፍ፣ ችግሩ የቧንቧው ውኃ ነው። በበጋ ደግሞ ውኃ ማፍያው ውስጥ ነጭ ቅርፊት መኖር አለመኖሩን ይመልከቱ። ቅርፊቱ ካለ፣ ለመላጫ የሚሆነውን ውኃ አፍልተው ካሳረፉ በኋላ ላይ ላዩን ቢጠቀሙ የማዕድኑ ከፊል ከሥር ይቀራል።

አረፋው ወጥቶ ቶሎ የሚደርቅ ከሆነ ግን የጎደለው እርጥበት የሚይዝ ነገር ነው፤ የገላ ሳሙና ለማጠብ እንጂ ፊት ላይ ለመቆየት አልተሠራም። ከመድኃኒት ቤት የሚገኝ ግሊሰሪን ሦስት ወይም አራት ጠብታ መዳፍዎ ላይ ከአረፋው ጋር ያዋህዱ፤ ፊትዎንም በአንድ ጊዜ ሳይሆን ከፊል ከፊሉን እየቀቡ ይላጩ። ተራ የገላ ሳሙና ፒኤቹ (የአሲድነት መለኪያው) 9 ወይም 10 አካባቢ፣ የጤናማ ቆዳ ደግሞ 5 አካባቢ ስለሆነ፣ ተላጭተው ሲጨርሱ በደንብ መታጠብ ያስፈልጋል። የልብስ ሳሙናን ለልብስ ይተዉት።

ዘይት ከተቀቡ በኋላ ምላጩ ይዘጋል

ዘይት በማንሸራተት ረገድ ጥሩ ነው፤ ውኃ ግን አይሰጥም። ደረቅ ጺም ላይ ከተቀባ ውኃውን ከውጭ ይከለክላል፤ ረጥቦ በራሰ ጺም ላይ ከተቀባ ግን ውኃውን ከውስጥ ይዞ ያቆያል። ስለዚህ ቅደም ተከተሉ መጠበቅ አለበት፣ መጠኑም ከጥቂት ጠብታ ማለፍ የለበትም። የወይራ ዘይት ለዚህ ይመቻል። የኑግ ዘይትም አያሳፍርም፣ ሽታው ግን እስከ ምሳ ሰዓት አብሮ ይውላል።

የኮኮናት ዘይት የራሱ ጣጣ አለው። የሙቀት መጠኑ ከ24 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ በታች ሲሆን ይረጋል፤ አዲስ አበባ ላይ ደግሞ ጠዋት ከዚያ በታች መሆኑ የተለመደ ነው። በመዳፍ አሙቀው ሲቀቡት ይቀልጣል፣ ምላጩን በቀዝቃዛ ውኃ ሲያለቀልቁት ግን በስለቶቹ መካከል ተመልሶ ይረጋና ከተቆረጠው ጸጉር ጋር ይጋገራል፤ ባለ ሦስትና ባለ አምስት ስለት መላጫ በዚህ ምክንያት ገና አዲስ ሳለ ይጣላል። ሞቅ ባለ ውኃ ላይ ጥቂት ሳሙና ጨምረው በዚያ ያለቅልቁት። ቫዝሊንና ቅቤን በተመለከተ መልሱ አጭር ነው፤ ለምላጭ አይሆኑም።

ኮንዲሽነር ይቋጠራል፣ ይንሸራተታል

የጸጉር ኮንዲሽነር በእኔ ግምት ቤት ውስጥ ካለው ሁሉ ለፎም የሚቀርበው ነው። ጸጉር ላይ የሚጣበቅ፣ አዎንታዊ የኤሌክትሪክ ሙል ያለው ለስላሳ ንጥረ ነገር አለበት፤ ምላጩንም አይዘጋም። የሚቋጠረው በሳሙና አረፋ ላይ ሲደረብ ነው፤ ሳሙና አሉታዊ ሙል ስላለው ሁለቱ እርስ በርስ ይጠፋፋሉ፣ ፊት ላይም የረጋ ወተት የመሰለ ነገር ይተርፋል። ሳሙናውን አስቀድመው ሙሉ በሙሉ ያጥቡት፣ ኮንዲሽነሩን ለብቻው ይቀቡ። እጅ ላይ ስለሚያዳልጥ የመላጫውን እጀታ በፎጣ መጥረግ አይርሱ።

ተልባና እሬት

ከጉሊት በጥቂት ብር የሚገዛ ተልባ፣ ሁለት ማንኪያው በአንድ ብርጭቆ ውኃ ለጥቂት ደቂቃ ቢፈላ የሚዝለገለግ ፈሳሽ ያወጣል፤ ከቀዘቀዘ ለማጥለል ስለሚያስቸግር ትኩሱን በስስ ጨርቅ ያጥሉት። ይህ ዝልግልግ ውኃን አጥብቆ ይይዛል፣ ምላጭንም በሚገርም ሁኔታ ያንሸራትታል። ከፊት ላይ የሚፈስ ከሆነ ቀጥኗልና ትንሽ ያንተክትኩት፤ ከጠጠረ ሞቅ ያለ ውኃ ይጨምሩበት። መከላከያ ስለሌለው ማቀዝቀዣ ውስጥ ከጥቂት ቀናት በላይ አያቆዩት።

እሬት ከተጠቀሙ በኋላ የሚያሳክክዎ ከሆነ፣ ከቅጠሉ ልጣጭ ሥር የሚወጣው ቢጫ ፈሳሽ አብሮ ተቀብቶ ሊሆን ይችላል። ቅጠሉን ከቆረጡ በኋላ ዘቅዝቀው እስኪንጠባጠብ ይጠብቁ፣ ጥርት ያለውን ሥጋ ብቻ አጥበው ይውሰዱ።

ከተላጩ ከአንድ ሁለት ቀን በኋላ አንገት ላይ ጉብታ ይወጣል

እዚህ ላይ ፎምም ሆነ ተተኪው ጥፋተኛ አይደሉም። ጺሙ ጥቅልል የሆነ ሰው ሲላጭ፣ የተቆረጠው ጫፍ እንደ መርፌ ይሾልና ወደ ቆዳው ተመልሶ ይገባል። ብዙ ስለት ያለው መላጫ ይህን ያባብሳል፤ የፊተኛው ስለት ጸጉሩን ሲስበው የኋለኛው ይቆርጠዋል፣ የቀረውም ከቆዳው በታች ይሸሸጋል። ባለ አንድ ምላጭ መላጫ ይያዙ፣ ጸጉሩ በበቀለበት አቅጣጫ ይላጩ፣ ቆዳውን አይወጥሩ፣ ያለፉበትን አይደጋግሙ። ጉብታውን በወረንጦ አይጎርጉሩ፤ መግል ከያዘ የቆዳ ሐኪም ይየው። ይህ ሁሉ ተደርጎ ካልተሻለዎት፣ ምላጩን ትተው ጺምዎን በማሽን አንድ ሚሊ ሜትር ያህል አስቀርተው ይከርክሙት፤ ያን ጊዜ ፎሙም፣ ተልባውም፣ ሙቅ ፎጣውም አያስፈልጉዎትም።