ስለ ትልልቅ ብቸኛ ቁጥሮች ስናስተምር ልናስወግዳቸው የሚገቡ ስህተቶች

እኔ ሒሳብ በማስተምርበት በደብረ ማርቆስ የትልልቅ ብቸኛ ቁጥሮች፣ ማለትም ከ1 የሚበልጡና ከ1 እና ከራሳቸው በቀር አካፋይ የሌላቸው ቁጥሮች፣ ወሬ የሚጀምረው ከርዝመታቸው ነው። እ.ኤ.አ. በ2024 ተገኝቶ በጊዜው ክብረ ወሰን የሰበረው ቁጥር 41,024,320 አሃዞች አሉት፤ ለእያንዳንዱ አሃዝ ግማሽ ሴንቲ ሜትር ብንሰጥ፣ ጽሑፉ ከደብረ ማርቆስ ተነሥቶ ቡሬንና እንጅባራን አልፎ 205 ኪሎ ሜትር ያህል ይዘልቃል። አጻጻፉ ግን አጭር ነው፤ 136,279,841 ሁለቶችን አባዝቶ ከውጤቱ 1 መቀነስ ብቻ ነው።

ተማሪን ከሁሉ በላይ የሚያሳስተው ይኸው አጭር አጻጻፍ ነው። የሁለቶቹ ብዛት፣ ማለትም አርቢው፣ 2፣ 3፣ 5 እና 7 ሲሆን በተከታታይ 3፣ 7፣ 31 እና 127 ይገኛሉ፤ ሁሉም ብቸኛ ስለሆኑ «አርቢው ብቸኛ ከሆነ ውጤቱም ብቸኛ ነው» ብሎ መደምደም ይቀናናል። አርቢው 11 ሲሆን ግን 2,047 ይወጣል፤ እርሱም 23 በ89 ሲባዛ የሚገኝ ነው። እውነቱ የተገላቢጦሹ ነው፤ አርቢው ብቸኛ ካልሆነ ውጤቱ ብቸኛ ሊሆን አይችልም። ፈረንሳዊው መነኩሴ ማረን መርሴን ራሱ በ1644 ባወጣው ዝርዝር 67ን ከትክክለኞቹ አርቢዎች ጋር በስህተት ደምሮታል። ኤድዋርድ ሉካስ በ1876 ውጤቱ ብቸኛ አለመሆኑን አንድም አካፋይ ሳያገኝ አረጋገጠ፤ አካፋዮቹን፣ 193,707,721ን እና 761,838,257,287ን፣ ያሳየው ግን በ1903 ፍራንክ ኮል ነው። ስለዚህ «አካፋይ ካልታየ ብቸኛ አይደለም ማለት አይቻልም» የሚለውም ስህተት ነው።

ሌላው ስህተት፣ ቁጥሩ ከእርሱ በሚያንሱት ሁሉ እየተካፈለ የሚፈተን ይመስለናል። ለ97 በ2፣ በ3፣ በ5 እና በ7 መሞከር ይበቃል፤ የሚቀጥለው 11 በራሱ ሲባዛ 121 ሆኖ ከ97 ይበልጣልና። ለባለ 41 ሚሊዮን አሃዙ ግን ይህም አቋራጭ ቢሆን አያዋጣም። ሁለቶችን አባዝቶ 1 በመቀነስ በሚገኙ ቁጥሮች ላይ የሚሠራበት የሉካስና የሌመር ፈተና ከ4 ይነሣል፤ ቁጥሩን በራሱ አባዝቶ 2 ይቀንሳል፣ ለሚፈተነው ቁጥር አካፍሎ ቀሪውን ይይዛል፣ ይህንንም ከአርቢው በ2 ለሚያንስ ጊዜ ይደጋግማል። ለ127 ቅደም ተከተሉ 4፣ 14፣ 67፣ 42፣ 111፣ 0 ነው፤ በመጨረሻ 0 ስለመጣ 127 ብቸኛ ነው። ይህን በሰሌዳ ላይ መሥራት ከአንድ ሰዓት ገለጻ ይሻላል እላለሁ።

የጥንቱ ግሪካዊ የሒሳብ ሊቅ ኤውክሊድ ብቸኛ ቁጥሮች ማለቂያ እንደሌላቸው ያሳየበት ማስረጃም ይዛባል። ብቸኛ ቁጥሮችን አባዝቶ 1 መደመር ሁልጊዜ ብቸኛ ቁጥር አይሰጥም፤ ከ2 እስከ 13 ያሉትን አባዝተን 1 ስንደምር የምናገኘው 30,031፣ 59 በ509 ሲባዛ ነው። ማስረጃው የሚለው፣ የውጤቱ ብቸኛ አካፋዮች ከተባዙት ውጭ ናቸው ነው።

ክብረ ወሰን ሰባሪው ቁጥር የባንክ ምስጢር ይጠብቃል ማለትም ስህተት ነው። ለዚያ ሥራ በመቶዎች የሚቆጠሩ አሃዞች ያሏቸው፣ በምስጢር የሚያዙ ብቸኛ ቁጥሮች ይበቃሉ፤ ዓለም ሁሉ ያወቀው ቁጥር ለቁልፍነት አይሆንም።