እሳቱን አትውቀሱት፦ ሸክላ ከጭቃ እስከ ባለቤቱ እጅ የሚበላሽባቸው ስህተቶች

እቶን ተከፍቶ አንድ ዕቃ ፈንድቶ ሲገኝ ከጀማሪዎች አፍ የሚወጣው ምክንያት አንድ ነው፦ «ውስጡ አየር ቀርቶ ነበር።» ቢቀርም ያፈነዳው አየር አይደለም። በደንብ የደረቀ ሸክላ የአየር ቋጠሮ ይዞም በሰላም ይበስላል፤ ግድግዳው ዓይን በማያያቸው ቀዳዳዎች የተሞላ ስለሆነ የሞቀው አየር ቀስ ብሎ ይወጣል። የሚያፈነዳው ውኃ ነው። ውኃ በ100 ዲግሪ ሴልሺየስ ወደ እንፋሎት ሲለወጥ ከ1,600 እጥፍ በላይ ይሰፋል፤ መውጫው ከጠበበው ግድግዳውን ገንጥሎ ይወጣል። አየር ያለ ጥፋቱ የሚወቀሰው ቋጠሮው ብዙ ጊዜ ጭቃው በወፈረበት ቦታ ስለሚገኝ ነው፤ የወፈረው ቦታ ደግሞ ከሁሉም መጨረሻ የሚደርቀው ነው። ታዲያ አየሩን ላስወጣ ብሎ ለሚቀጥለው ዕቃ ጭቃውን አንድ ሰዓት ጨምሮ ያሸ ሰው፣ ማድረቁን ካላስተካከለ፣ ያንኑ ፍንዳታ እንደገና ያያል። ማሸት ይቅር ማለት አይደለም፤ እርጥበቱን እኩል ያደርጋል፣ ዕቃው እየዞረ በሚቀረጽበት መሽከርከሪያ ላይም ግድግዳው እንዳይወላገድ ይረዳል። ፍንዳታን ግን አያስቀርም።

መድረቁን በቀለም አትፍረዱ። ውጩ ነጥቶ ውስጡ እርጥብ ሊሆን ይችላል። ዕቃውን ጉንጫችሁ ላይ አስጠጉት፤ ከቀዘቀዛችሁ ውኃው ገና እየተነነ ነው። ሚዛን ያለው ደግሞ በየቀኑ ይመዝን፤ ክብደቱ መቀነሱን ሲያቆም ደርቋል። ከዚያ በኋላም እቶኑን ከ80 እስከ 90 ዲግሪ ላይ አቆዩት፦ ለቀጭን ግድግዳ ከ2 እስከ 3 ሰዓት፣ ከ1 ሳንቲሜትር ለወፈረ ሌሊቱን ሙሉ። ከዚያ እስከ 600 ዲግሪ ድረስ በሰዓት ከ100 ዲግሪ በላይ አትጨምሩ። ከጭቃው ጋር በኬሚካል የተሳሰረው ውኃ የሚለቀው በዚሁ መንገድ ላይ ነው። 573 ዲግሪ ላይ ደግሞ በጭቃው ውስጥ ያለው ኳርትዝ የተባለ ማዕድን በድንገት መጠኑን ይለውጣል፤ ሲቀዘቅዝም በዚያችው ነጥብ ተመልሶ ያልፋል። ስለዚህ «ትንሽ ልይ» ብሎ እቶኑን መክፈት ዕቃውን ማጣት ነው። ከ100 ዲግሪ በታች እስኪወርድ ጠብቁ።

ሁለተኛው ትልቅ ስህተት ፀሐይና ነፋስ ላይ አውጥቶ ማድረቅ ነው። ጭቃ ሲደርቅ ብዙውን ጊዜ ከ5 እስከ 8 በመቶ ይኮማተራል፤ 20 ሳንቲሜትር ስፋት ያለው ሳህን ከ1 ሳንቲሜትር በላይ ሊያጣ ይችላል። ከንፈሩ ቀድሞ ከተኮማተረና መቀመጫው ገና ከረጠበ አንዱ ሌላውን ይጎትታል፣ መሐሉ ይሰነጠቃል። ከንፈሩን በፕላስቲክ ሸፍኑት፤ ዕቃው ራሱን ሲችል በአፉ ድፉትና መቀመጫው አየር ያግኝ። ትልልቅ ዕቃ ለሚሠራ ደግሞ ጭቃው ውስጥ የተፈጨ ገል መቀላቀል መኮማተሩን ይቀንሳል።

መቀመጫው መሐል ላይ የተጠማዘዘ ስንጥቅ ከወጣ ግን ጥፋቱ የማድረቁ ብቻ አይደለም። ጭቃው መሽከርከሪያው ላይ ሳለ ወለሉ አልተጠቀጠቀም፣ ወይም ውኃ ተኝቶበት ቀርቷል። ወለሉን ከዳር ወደ መሐል፣ ከመሐል ወደ ዳር ደጋግማችሁ ተጫኑት፤ የተጠራቀመውንም ውኃ በስፖንጅ ምጠጡ። ይኸው ነው።

ጆሮ አልይዝ የሚለው ለምንድን ነው? እርጥብ ጆሮ የደረቀ ኩባያ ላይ ስለሚለጠፍ። ሁለቱም ጣት ሲጫናቸው የማይጎደጉዱ፣ ጥፍር ግን የሚጭራቸው ደረጃ ላይ ይሁኑ። የሚገናኙትን ገጾች ጫር ጫር አድርጉ፣ እንደ እርጎ የወፈረ የራሱን ጭቃ ቀቡ፣ ጠበቅ አድርጋችሁ ግጠሙ። ውኃ ብቻ መቀባት ማጣበቅ አይደለም። ከዚያ ኩባያውን እስከ ማግስቱ በፕላስቲክ ጠቅልሉት፤ የሁለቱ እርጥበት ይስተካከላል።

ክዳንን ከማሰሮው ጋር በአንድ ቀን፣ ከአንድ ጭቃ ሥሩ፤ ገጥማችሁ አድርቁ። በኋላ ለካሁ ብሎ የሚሠራ ሰው የማይገጥም ክዳን ያገኛል።

ወለልና ጠረጴዛ ላይ የደረቀ ጭቃ በመጥረጊያ አትጥረጉ። በእርጥብ ጨርቅ ወልውሉ፤ አቧራው ውስጥ ያለው ሲሊካ የተባለ ደቃቅ ማዕድን ሳንባ ውስጥ ይቀራል።

ወደ ግሌዝ፣ ማለትም ሲቀልጥ መስታወት ወደሚሆነው ልባስ ስንመጣ፣ አቧራና የእጅ ቅባት ያለበት ዕቃ ላይ መቀባት ልባሱ ተሰብስቦ ራቁት ቦታ እንዲተው ያደርጋል። ከመቀባታችሁ በፊት በእርጥብ ስፖንጅ ጥረጉት። ባልዲውን እስከ ሥሩ አማስሉ። መቀመጫውንና ከዚያም በላይ 3 ሚሊሜትር ያህል ባዶ ተዉ፤ አለዚያ ዕቃው ከእቶኑ መደርደሪያ ጋር ተጋብቶ ይወጣል።

እዚህ ላይ አንድ የማይጠፋ እምነት አለ፦ ጭቃው ባይበስልም ግሌዙ ውኃ ያቆማል የሚል። አያቆምም። እንደ ፀጉር የቀጠነ ስንጥቅ ይበቃል፤ ኩባያው ጠረጴዛ ላይ ያልባል፣ ማይክሮዌቭ ውስጥም ከያዘው ነገር ይልቅ ራሱ ይግላል። ግሌዝ ያልነካውን ከዚያው እሳት የወጣ ዕቃ መዝኑ፣ አንድ ሌሊት ውኃ ውስጥ ዘፍዝፉ፣ አብሱና ድጋሚ መዝኑ። 400 ግራም የነበረው 420 ከሆነ 5 በመቶ ጠጥቷል፤ ውኃ ለሚያድርበት ዕቃ ይህ ብዙ ነው።

ምግብ የሚነካ ዕቃ ላይ ያደረ የሎሚ ቁራጭ ቀለሙን ከለወጠው ግሌዙ አይታመንም። ካልለወጠውም እርሳስ የተባለው መርዛማ ብረት የለበትም ማለት አይደለም፤ እሱን የሚለየው ላቦራቶሪ ብቻ ነው። እርሳስ ያለበትን ግሌዝ ለምግብ ዕቃ ከመጀመሪያው አትጠቀሙ።

ለባለቤቱ ከመስጠታችሁ በፊት በጣት አንኳኩት። ጥሩ የበሰለ ዕቃ ጥርት ብሎ ይጮኻል፤ የደነቆረ ድምፅ የተደበቀ ስንጥቅ ነው፣ አትሽጡት። መቀመጫውን በእርጥብ ብርጭቆ ወረቀት አለስልሱ፣ የሰው ጠረጴዛ እንዳይጭር። ከማቀዝቀዣ አውጥቶ ትኩስ ምድጃ ላይ መጣድ እንደሚሰነጥቀውም ንገሩት፤ ሻጭ ይህን ስለማይናገር ስንት ደህና ድስት ቀርቷል!

ሲላክ ደግሞ የሚሰበረው ጆሮና አፍንጫ ነው። ቀዳዳውን በወረቀት ሙሉ፣ ዕቃውን ጠቅልሉ፣ ካርቶን ውስጥ አስገቡ፤ ያንን ካርቶን በሁሉም ጎን 5 ሳንቲሜትር ለስላሳ መሙያ ባለው ሌላ ካርቶን ውስጥ ጨምሩ። ከማሸጋችሁ በፊት ነቅንቁት። የሚንቀሳቀስ ነገር ከተሰማችሁ ክፈቱና እንደገና ሙሉ።