በነሐሴ የወዳጅነት ጨዋታ ተጫዋችን እንዴት እንመዝን? ለጅማ ቡድኖች አሰልጣኞችና ረዳቶች

በነሐሴ ጅማ ላይ የሚደረግ የወዳጅነት ጨዋታ ውጤቱ ብዙ አይናገርም፤ ተጫዋቹ ግን ይናገራል፣ ምን እንደምንፈልግበት ካወቅን። በዚያ ወቅት የማንም እግር ገና አልተፈታም፣ ሜዳው ጭቃ ነው፣ ተጋጣሚውም ከእረፍት መልስ ግማሽ ቡድኑን ቀይሮ ይገባል። ስለዚህ ፍጥነት፣ የግብ ብዛትና የ90 ደቂቃ ትንፋሽ ገና መመዘኛ አይሆኑም። የስድስት ሳምንት ዝግጅት ትንፋሽን ይለውጣል። ኳስ ከመድረሱ በፊት ወዴት እንደሚያይ፣ የት እንደሚቆም፣ ሲነጠቅ ምን እንደሚያደርግ ግን በስድስት ሳምንት እምብዛም አይለወጥም። ሚዛኑን እዚህ ላይ አድርጉ።

ሥራው ከጨዋታው በፊት ይጀምራል። ከየልምምዱ በኋላ ግማሽ ሰዓት ያህል ቆይታችሁ እያንዳንዱን ተጫዋች ለብቻው «ከ10 ስንት ከበደህ?» ብላችሁ ጠይቁ፤ መልሱን ልምምዱ በፈጀው ደቂቃ አባዙት። 90 ደቂቃ ሠርቶ 7 ያለ ልጅ 630 ተመዘገበለት ማለት ነው። ከጨዋታው በፊት ያሉትን ሦስት ቀናት ደምሩና በስሙ ትይዩ ጻፉት። ይህ ቁጥር ከብዙ ስህተት ያድናል። ነባሩ ተጫዋች 1,700 ተሸክሞ ሲገባ፣ ከትናንት ወዲያ ለሙከራ የመጣው 400 ብቻ ይዞ ይገባል፤ ሜዳ ላይ አዲሱ ቀልጣፋ፣ ነባሩ ፈዛዛ ይመስላል። ብዙ ችኩል ፊርማ የሚፈረመው በዚህ ልዩነት ተታሎ ነው።

ከየት እንደመጣም ይጻፍ። ጅማ ከባሕር ወለል በላይ ከ1,700 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናት፤ ጋምቤላ ግን ከ500 ሜትር እምብዛም አትበልጥም። ከቆላ የመጣ ልጅ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ሁለት ጊዜ በፍጥነት ከሮጠ በኋላ ትንፋሹ ቶሎ አይመለስለትም። «ትንፋሽ የለውም» የሚለው ፍርድ ለመስከረም ይቆይ።

ክረምቱ የራሱ ጣጣ አለው። ዝናቡ ብዙውን ጊዜ ከሰዓት በኋላ ስለሚያይል ጨዋታውን ጠዋት 3 ሰዓት ላይ ማድረግ ይሻላል፤ ሌሊት ዘንቦ ያደረ ሜዳ ግን ጠዋትም ቢሆን ኳስ ይይዛል። በተለይ የግቡ አፍና የመሐሉ ክብ ሣሩ ቶሎ ስለሚያልቅ፣ በደረቅ ሜዳ 15 ሜትር የሚሄድ የመሬት ቅብብል እዚያ ግማሽ መንገድ ላይ ይቆማል። አንድ አማካይ በመጀመሪያዎቹ አሥር ደቂቃዎች ሦስት ቅብብል ቢያጥርበት አትቀንሱበት። ጥያቄው ከ15ኛው ደቂቃ በኋላ ምን አደረገ የሚለው ነው። ምቱን አጠነከረ? ኳሱን ከመሬት አነሳው? ጨዋታውን ሣሩ ወዳልተነካበት መስመር አወጣው? ሜዳውን ቶሎ የሚያነብ ልጅ ተጋጣሚንም ያነባል። ጭቃ ውስጥ ሁሉንም ኳስ እንደ ደረቅ ሜዳ የሚጫወተው ግን ስንት ጊዜ ቢነገረው ያው ነው።

ታኬታም ይታይ። ሦስት ጊዜ የተንሸራተተ ተከላካይ «ሚዛን የለውም» ከመባሉ በፊት የታኬታውን ሶል ገልብጣችሁ እዩ። ጥርሱ አጭርና ብዙ፣ መሐሉ በጭቃ የተሞላ ከሆነ ጥፋቱ የጫማው ነው። ረጅም ጥርስ ያለው ተውሳችሁ ለሁለተኛው አጋማሽ አስገቡትና ያን ጊዜ መዝኑት።

አመዛዘኑ እንዲህ ነው። ሁለት ሰው መድቡ፤ ለእያንዳንዳቸው በአንድ አጋማሽ ሦስት ተጫዋች ብቻ ስጧቸው። ታዛቢው አምስት ደቂቃ ሙሉ አንዱን ተጫዋች ብቻ ያያል፣ ኳሱን ትቶ፤ ከዚያ ወደ ቀጣዩ ይዞራል። በ45 ደቂቃ እያንዳንዱ ሦስት ጊዜ ይታያል። ኳሱን እየተከተለ የሚመዝን ሰው የሚያየው ኳስ የያዘውን ብቻ ነው፤ አንድ ተጫዋች ደግሞ በ90 ደቂቃ ውስጥ ኳስ እግሩ ሥር የሚቆይበት ጊዜ ጥቂት ደቂቃ ነው። ከተመልካች መቀመጫው ከፍ ብሎ በመሐል መስመሩ ትይዩ አንድ ስልክ ቆሞ ቢቀርጽ ጥሩ ነው። ካሜራው ኳሱን እያሳደደ ካቀረበ ግን ጥቅም የለውም፤ ሰፋ አድርጎ ቢያንስ የሜዳውን ግማሽ ይያዝ።

ወረቀቱ ላይ ሁለት ነገር ቁጠሩ። አንደኛው፣ ኳስ ከተቀበለባቸው አሥር አጋጣሚዎች በስንቱ አስቀድሞ አንገቱን አዙሮ ኋላውን አየ? ሁለተኛው፣ ቡድኑ ኳስ ከተነጠቀ በኋላ ባሉት አምስት ሰከንዶች ምን አደረገ፦ ተጫነ፣ ወደ ቦታው ተመለሰ፣ ወይስ እጁን ዘርግቶ ዳኛ አየ? የደከመ ተጫዋች ዘግይቶ ይደርሳል፣ ግን መጀመሪያ መነሳቱ ይታያል። ያልተነሳውን በድካም አትሸፍኑለት።

የመስመር ተከላካይን ለመመዘን ኳሱ በተቃራኒው መስመር ሲሆን እዩት። ኳሱ በግራ ነው እንበል። ጥሩ የቀኝ ተከላካይ ወደ መሐል ተጠግቶ ከመሐል ተከላካዩ አሥር ሜትር ያህል ርቆ ይቆማል፤ ሰውነቱን ከፈት ስለሚያደርግ ኳሱንም ከጀርባው የሚገባውንም አጥቂ ያያል። ፊቱን ሙሉ በሙሉ ወደ ኳሱ ያዞረው ግን ከኋላው የሚሻማው ኳስ ሲመጣ ሁልጊዜ አንድ እርምጃ ይዘገያል። በነሐሴ ተጋጣሚው የሚያሻማውን ኳስ ስለሚያበላሸው ግብ አይቆጠርም፤ በኅዳር ይቆጠራል። ግብ ጠባቂን ባዳነው ኳስ ብዛት አትለኩት። ቡድናችሁ ሲያጠቃ ከግቡ ምን ያህል ወጥቶ እንደሚቆም፣ በረጠበ ኳስ የሚይዘውንና በቡጢ የሚያወጣውን ለይቶ እንደሚወስን ተመልከቱ።

አጥቂ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። ጅማ አባ ጅፋር ከታችኛው ሊግ ባደገበት በመጀመሪያ ዓመቱ፣ በ2010 ዓ.ም.፣ የፕሪምየር ሊጉን ዋንጫ ሲያነሳ ናይጄሪያዊው ኦኪኪ አፎላቢ የሊጉ ኮከብ ግብ አግቢ ነበር፤ ደጋፊው እስካሁን በየዓመቱ እንደዚያ ያለ አጥቂ ቢፈልግ አይፈረድበትም። ነገር ግን በ75ኛው ደቂቃ በተጋጣሚ ታዳጊዎች ላይ የተቆጠሩ ሁለት ግቦች ምንም አያረጋግጡም። ከየግቡ አጠገብ ደቂቃውንና ማን ይጠብቀው እንደነበር ጻፉ። ከግቡ ይልቅ ኳስ ሳይመጣለት ስንት ጊዜ ከተከላካዩ ጀርባ እንደሮጠ ቁጠሩ።

ሌላው የተለመደ ጥፋት የሙከራ ተጫዋቾችን ሁሉ በአንድ አጋማሽ አብሮ ማስገባት ነው። ተግባብተው የማያውቁ አምስት ልጆች አንዱ የሌላውን ያበላሻል። ለእያንዳንዱ ቢያንስ አንድ ሙሉ አጋማሽ፣ በዙሪያው ሦስት ነባር ተጫዋቾች፣ እሱም በለመደው ቦታ ይሰጠው።

ለተጫዋቹ የምትሰጡት ነጥብ ከ1 እስከ 4 ይሁን። ከ5 ካደረጋችሁት እርግጠኛ ያልሆነ ሰው ሁሉ 3 ይጽፋል፤ 4 ሲሆን ወደ አንዱ ወገን ለማዘንበል ይገደዳል። ሁለቱ ታዛቢዎች ሳይነጋገሩ ይጻፉ፣ ዋናው አሰልጣኝ ሐሳቡን መጨረሻ ላይ ይናገር፤ እሱ ቀድሞ ከተናገረ ሌላው ወረቀት ዋጋ የለውም። በሁለት ነጥብ ከተለያያችሁ ቪዲዮውን አብራችሁ እዩ። በሁለት ጨዋታ በድምሩ 90 ደቂቃ ያልሞላውን አትወስኑበት፤ ከተቻለም አንዱ ጨዋታ ከበድ ካለ ተጋጣሚ ጋር ይሁን።

የማይቀጥለው ልጅ በተወሰነ ማግስት ይነገረው፤ ምክንያቱም ከወረቀቱ ተነቦ ይገለጽለት፣ ሌላ ቡድን ዝውውሩ ሳይዘጋበት እንዲሞክር። የቀሩትን ወረቀቶች እስከ ሊጉ አምስተኛ ሳምንት አስቀምጡና ከዚያ ጊዜ ብቃታቸው ጋር አስተያዩ። 4 ሰጥታችሁት ተቀያሪ ወንበር ላይ የቀረ ካለ የትኛው መስፈርት እንዳሳሳታችሁ ፈልጉና የሚቀጥለውን ነሐሴ ወረቀት በዚያው አስተካክሉ።