የመርሳት ሕመም ካደረባቸው ወላጆቻችን ጋር እንዴት እንዘምር፣ እንዴትስ እንጸልይ

እናትዎ የትናንቱን እንግዳ፣ የዛሬውን ምሳ፣ አንዳንድ ቀንም የእርስዎን ስም ሊረሱ ይችላሉ፤ ዲያቆኑ «ተንሥኡ ለጸሎት» ሲል ግን «እግዚኦ ተሠሃለነ» የሚለው መልስ ሳይዛነፍ ከአፋቸው ይወጣል። የመርሳት ሕመም ከሚያስከትሉት በሽታዎች በብዛት የሚታየው አልዛይመር አስቀድሞ የሚጎዳው አዲስ ነገር የሚመዘግበውን የአንጎል ክፍል ነው፤ በልጅነት ተደጋግሞ የተጠና ዜማ፣ ማማተብና መስቀል መሳለምን የመሰለ ልማድ ግን ብዙውን ጊዜ ዘግይቶ ነው የሚነካው። «ጃጅተዋል፣ ከእንግዲህ ምን ይገባቸዋል» ብሎ ከጸሎት ማራቅ ስህተት የሚሆነውም በዚህ ምክንያት ነው።

አብዛኛው ቤተሰብ የሚሳሳተው በመዝሙር ምርጫ ላይ ነው። ልጆች እነርሱ በሰንበት ትምህርት ቤት ያደጉበትን ወይም ሰሞኑን የወጣውን መዝሙር ይከፍቱና፣ እናታቸው ዝም ሲሉ «መዝሙርም ረስተዋል» ብለው ያዝናሉ። ይሁን እንጂ ዛሬ ሰማንያ ዓመት ያለፋቸው ሰዎች ልጆች ሳሉ በካሴት የሚሸጥ መዝሙር አልነበረም። እነርሱ በጆሯቸው ያደጉት የግእዙን ቅዳሴ፣ የክብረ በዓሉን ማኅሌት፣ ሴቶች ለጥምቀት ታቦት አጅበው የሚያዜሙትን፣ አባታቸው ማለዳ የሚደግሙትን ዳዊት እየሰሙ ነው። ስለዚህ ስልክ ከመክፈትዎ በፊት ታላላቅ ዘመዶችንና የንስሐ አባታቸውን ይጠይቁ፦ ያደጉት በየትኛው ደብር ነው? የማንን ጽዋ ይጠጡ ነበር? ውዳሴ ማርያም በየዕለቱ ያደርሱ ነበር ወይ? ቄስ ትምህርት ቤት የገቡ አባት ከሆኑ የመዝሙረ ዳዊትን መጀመሪያ «ብፁዕ ብእሲ» ብለው ይጀምሩና ዝም ይበሉ፤ «ዘኢሖረ በምክረ ረሲዓን» የሚለውን እርሳቸው ሊቀጥሉት ይችላሉ። ቤተሰቡ ወንጌላዊ ከሆነ በወጣትነታቸው በጉባኤ የዘመሩት፣ ሙስሊም ከሆነ ደግሞ በልጅነት የሰሙት መንዙማ በዚሁ መንገድ ይፈለጋል።

ጊዜው ማለዳ ወይም ረፋድ ቢሆን ይመረጣል፤ ብዙዎቹ ሲመሻሽ ይረበሻሉ፣ «ቤቴ ውሰዱኝ» ማለትም ያበዛሉ። ቴሌቪዥኑን ያጥፉ፤ ለመስማት የሚረዳ የጆሮ መሣሪያ ካላቸው መሥራቱን ያረጋግጡ፤ ከኋላ ሳይሆን ፊት ለፊት፣ ዓይን ለዓይን በሚያገናኝ ከፍታ ይቀመጡ። «ይህን መዝሙር ያስታውሱታል?» ብለው አይጠይቁ፤ ለእኛ ጨዋታ የሚመስለው ጥያቄ ለእርሳቸው ፈተና ነው። ቀኑ ሃያ አንድ ከሆነ «እማዬ፣ ዛሬ እኮ ማርያም ናት» ብለው ነጠላቸውን ያልብሷቸውና በራስዎ ድምፅ ዝቅ አድርገው፣ ከለመዱት ቀስ ብለው ይጀምሩ። ስንኝ ቢያደበላልቁ ወይም የገብርኤልን መዝሙር በሚካኤል ቢጨርሱት አያርሟቸው። አሥራ አምስት ወይም ሃያ ደቂቃ ይበቃል።

በስልክ የሚያሰሙ ከሆነ አስቀድመው ያውርዱት። አክስቴ ዓይናቸውን ጨፍነው ቅዳሴ ሲከተሉ ድንገት የለስላሳ መጠጥ ማስታወቂያ ጮኾ ገባና እንዴት እንደ ደነገጡ አልረሳውም፤ የዚያን ቀን ዳግመኛ ሊሰሙ አልፈቀዱም። እንደ እኔ ግን የልጅ ድምፅ፣ ቢሻክርም እንኳ፣ ከማንኛውም ቅጂ ይበልጣል።

ጥቂቶች የሚያስቡት አንድ አደጋ አለ። «ተንሥኡ» ማለት ተነሡ ማለት ነው፤ ዕድሜ ልካቸውን በዚህ ቃል የቆሙ ሰው ጉልበታቸው መድከሙን ረስተው ብድግ ሊሉ፣ በሰሙነ ሕማማት ደግሞ ሊሰግዱ ሊያጎነብሱ ይችላሉ። ስለዚህ ቅዳሴ በሚሰሙበት ጊዜ አጠገባቸው ሆነው ክንዳቸውን ይያዙ፣ ምንጣፉ እንዳያደናቅፋቸው ያንሡት፣ መቋሚያ የለመዱ ከሆኑም በእጃቸው ያኑሩላቸው። መቁጠሪያና የእጅ መስቀል ጣታቸውን ሥራ ያስይዛሉ። ጧፍ ግን እርስዎ በሌሉበት አይብራ፤ ነጠላ በቀላሉ እሳት ይይዛል። ዕጣንም ደረታቸውን የሚያፍናቸው ከሆነ ይቅር።

ጾም ብዙ ጭቅጭቅ ያመጣል። የበሉትን የረሱ እናት «ዛሬ ረቡዕ አይደለም ወይ» ብለው ምግብ ሊመልሱ ይችላሉ። መከራከር ፋይዳ የለውም፤ ቤተ ክርስቲያን ሕመምተኛን በጾም እንደማታስጨንቅ የንስሐ አባታቸው ራሳቸው መጥተው ቢነግሯቸው ከልጅ ቃል ይልቅ ይሰማል፤ ነገም ይረሱታልና ካህኑ ደግመው ቢናገሩት አይሰልቹ። የሚቀርበው ምግብ የጾም ሆኖ ሰውነት የሚጠግን ቢሆን፣ ለምሳሌ ሽሮው በርከት ብሎ ለውዝም ቢታከልበት፣ ጠቡ ራሱ ይቀራል። ጠበልን በተመለከተ ሁለት ነገር ልብ ይበሉ፦ በሐኪም የታዘዘ መድኃኒት በጠበል ምክንያት አይቋረጥ፤ መዋጥ የሚያስቸግራቸው ከሆነ ደግሞ ብዙ ውኃ በአንድ ጊዜ ማጠጣት ወደ ሳንባ ሊገባና ሊያንቃቸው ይችላል። ቅዱስ ቁርባን ሲቀበሉም ካህኑ ይህን አስቀድመው ይወቁ። ሕመሙ የርኩስ መንፈስ ሥራ ነው ብለው የሚያስጨንቋቸውን ጎረቤቶች ከአጠገባቸው ማራቅ የቤተሰቡ ኃላፊነት ነው።

በውጭ አገር በእንክብካቤ ቤት ለሚኖሩ ነገሩ ይከብዳል፤ ሕመሙ ሲጠና በኋላ የተማሩት ቋንቋ ቀድሞ ይጠፋና ወደ አማርኛ ይመለሳሉ፣ ተንከባካቢዋ ግን አማርኛ አታውቅም። በተንከባካቢዋ ቋንቋ አንድ ገጽ ጽፈው ግድግዳው ላይ ይለጥፉ፦ የትኛው ዜማ ጠዋት እንደሚከፈት፣ የትኛው ሲረበሹ እንደሚያረጋጋቸው፣ ማተባቸው ሲታጠቡም እንዳይፈታ፣ በጾም ቀን ምን እንደሚበሉ።

ዕንባ ቢመጣ ሁልጊዜ ክፉ ምልክት አይደለም፤ እጃቸውን ይዘው አብረው ይቆዩ። እጃቸውን የሚያፋትጉ፣ ፊታቸውን የሚያዞሩ ወይም የሞቱ እናታቸውን እየጠሩ የሚጨነቁ ከሆነ ግን ያቁሙና የቀለለ ዜማ ይጀምሩ። ንግግር ጨርሶ በሚጠፋበት ጊዜም መልስ ከአፋቸው አይጠብቁ። ዝቅ ባለ ድምፅ እያንጎራጎሩ የከበሮውን ምት በመዳፋቸው ላይ በጣትዎ ቀስ ብለው ይምቱ፤ መልሱ በከንፈራቸው እንቅስቃሴ ወይም ለማማተብ ግማሽ መንገድ በተነሣች ቀኝ እጅ ሊመጣ ይችላልና፣ ያኔ እጃቸውን ከግንባር እስከ ደረት፣ ከግራ ትከሻ እስከ ቀኝ አብረው ይምሩላቸው።