ከስትሪመር የሚመጣን ጉምጉምታ ማጥፋት፦ የኔትወርክ ገመድ፣ ኃይልና ግራውንድ

በኔትወርክ ገመድ የሚያልፈው ሙዚቃ ቁጥር ነው። ፓኬት መንገድ ላይ ቢበላሽ ተቀባዩ አውቆ ይጥለዋል፣ ላኪው ደግሞ ይልከዋል፤ ስትሪመሩም (ሙዚቃውን ከኔትወርክ ተቀብሎ የሚያጫውተው ዕቃ) አጠራቅሞ በራሱ ሰዓት ያጫውተዋል። ስለዚህ ውድ የኔትወርክ ገመድ ባሱን ያጠልቃል የሚለውን ወሬ ተዉት። ገመዱ ሊያመጣ የሚችለው ችግር ሌላ ነው፤ ብረት አለው። ያ ብረት ራውተሩን፣ ኮምፒውተሩንና ቴሌቪዥኑን ከአምፕሊፋየራችሁ ጋር ሊያስተሳስር ይችላል። በዚያ መንገድ የሚሾልከው ከረንት ነው ስፒከሩ ላይ «እምምም» እያለ የሚሰማው። ሥራችሁ ያንን የብረት መንገድ ፈልጎ መቁረጥ ነው።

መጀመሪያ መስማት

ምንም ከመግዛታችሁ በፊት ሙዚቃውን አቁሙ፣ ቮልዩሙን ዘወትር በምትሰሙበት ቦታ ተዉት፣ ጆሯችሁን ወደ ስፒከሩ አስጠጉ። ወፍራምና የማይለዋወጥ «እምምም» 50 ወይም 60 ኸርዝ ነው፤ ብዙውን ጊዜ የግራውንድ ሉፕ፣ ማለትም ዕቃዎች ከአንድ በላይ በሆነ መንገድ በግራውንድ ሲገናኙ የሚፈጠር ቀለበት፣ ምልክት ነው። ሻካራ «ዝዝዝ» ከሆነ 100 ወይም 120 ኸርዝና ከዚያ በላይ ያሉት ብዜቶቹ አሉበት። ኮምፒውተሩ ሲሠራ የሚለዋወጥ ጭርጭርታ በአብዛኛው የሚመጣው በዩኤስቢ ገመድ ነው። ለስላሳ «ሽሽሽ» የአምፕሊፋየሩ የራሱ ስለሆነ የትኛውም ገመድ አያጠፋውም። ሙዚቃው የሚቆራረጥ ከሆነ ግን ጉዳዩ የዳታ እንጂ የግራውንድ አይደለም።

ድምፁ ከስፒከሩ ሳይሆን ከአምፕሊፋየሩ ሳጥን ውስጥ የሚመጣ ከሆነ የሚንቀጠቀጠው ትራንስፎርመሩ ነው። ይህ ቶሮይዳል (ቀለበት ቅርጽ ያለው) ትራንስፎርመር ባላቸው አምፕሊፋየሮች ላይ በተለይ ይታያል፤ አንዱ ምክንያት በግድግዳው ኤሌክትሪክ ላይ የተደባለቀ ትንሽ ዲሲ ነው። መድኃኒቱ ያንን ዲሲ የሚያግድ ዲሲ ብሎከር ነው፤ ከታች ያለው ሁሉ አይመለከተውም።

ቀጥሎ አንድ በአንድ ንቀሉ። የኔትወርክ ገመዱን ከስትሪመሩ ነቅላችሁ ስሙ። ጉምጉምታው ከጠፋ መንገዱ ተገኘ። ካልጠፋ ገመዱን መልሱና የቴሌቪዥኑን የአንቴና ወይም የኬብል ገመድ ንቀሉ፤ ከውጭ የሚገባ ኮአክሲያል ገመድ ብዙ ጊዜ በሌላ ቦታ ግራውንድ የተደረገ ስለሆነ ሰዎች የማይጠረጥሩት ዋና ጥፋተኛ ነው። መፍትሔው ገመዱ ላይ የሚገባ የኮአክሲያል አይሶሌተር ነው። በመጨረሻ አምፕሊፋየሩን አጥፍታችሁ የአርሲኤ ገመዶቹን (የድምፁን ሲግናል የሚያመጡትን) ከአምፕሊፋየሩ ነቅላችሁ መልሳችሁ አብሩት። ገመድ በበራ አምፕሊፋየር ላይ አትንቀሉ፤ የሚወጣው ጡጫ ስፒከር ይጎዳል።

የኔትወርክ መንገዱን መቁረጥ

እያንዳንዱ የኤተርኔት ወደብ ውስጡ ትንሽ ትራንስፎርመር አለው፤ ደረጃው የሚጠይቀው 1500 ቮልት የሚችል መለያያ ነው። ሽልድ (ሽቦዎቹን የሚሸፍን ብረት) የሌለው ገመድ ሁለቱን ዕቃዎች በብረት አያገናኝም ማለት ነው። ሽልድ ያለውና ጫፉ ብረት የሆነ ገመድ ግን የራውተሩን ሻሲ (የብረት አካል) ከስትሪመሩ ሻሲ ጋር በቀጥታ ያስራል። «ካት 7» ወይም «ካት 8» ተብለው በውድ የሚሸጡት ገመዶች ሽልድ ያላቸው በመሆኑ ጉምጉምታ ያልነበረበት ቤት ውስጥ ጉምጉምታ ሊያስገቡ ይችላሉ።

የመጀመሪያው እርምጃ እንግዲህ ርካሽ ነው፦ የፕላስቲክ ጫፍ ያለው ካት 5ኢ ወይም ካት 6 ዩቲፒ (ሽልድ የሌለው) ገመድ። ስለ ፍጥነቱ አትጨነቁ። ያልተጨመቀ 24 ቢት፣ 192 ኪሎ ኸርዝ ስቴሪዮ የሚፈልገው በሴኮንድ 9.2 ሜጋቢት ነው።

ይህ ካልበቃ ፋይበር። የሚያስፈልገው ሁለት ሚዲያ ኮንቨርተር (የኔትወርኩን ሲግናል ወደ ብርሃንና መልሶ የሚቀይር ሳጥን) እና አንድ የፋይበር ገመድ ነው፤ መስታወት ኤሌክትሪክ ስለማያሳልፍ በዚያ በኩል ጉዳዩ ያልቃል። አንዱን ኮንቨርተር ከራውተሩ ጎን፣ ሌላውን ከስትሪመሩ ጎን አስቀምጡ። ሁለቱ በፍጥነት፣ በፋይበር ዓይነትና በብርሃን ሞገድ መግጠም አለባቸው። ባለ ሁለት ዘንግ ፋይበር ላይ የአንዱ መላኪያ ከሌላው መቀበያ ጋር ይገናኛል፤ የሊንክ መብራቱ ካልበራ አንዱ ጫፍ ላይ ሁለቱን ሶኬቶች አቀያይሩ። ገመዱን በጠባቡ አታጥፉት፤ የበራ ወደብ ውስጥም በዓይን አትመልከቱ።

እዚህ ሁለት ስህተቶች ደጋግመው ይከሰታሉ። አንደኛው ሁለቱን ኮንቨርተሮች ከአንድ አዳፕተር ማብላት ነው። በፋይበር የተቆረጠው ብረት በአዳፕተሩ ሽቦ ተመልሶ ይቀጠላል፤ ገንዘቡም ድካሙም ባከነ። ሁለተኛው፣ ብዙ ርካሽ የጊጋቢት ኮንቨርተሮች በመዳብ ወደባቸው 1000 ሜጋቢት ብቻ ይናገራሉ፤ ብዙ ስትሪመሮች ደግሞ 100 ሜጋቢት ወደብ ነው ያላቸው። ሁለቱ አይግባቡም። ወይ 10/100/1000 የሚል ኮንቨርተር ግዙ፣ ወይ በመካከል ትንሽ ስዊች አስገቡ።

ዋይፋይም ፍጹም መለያያ ነው፤ ሽቦ የለውም። ስትሪመሩን በ5 ጊጋ ኸርዝ አገናኙት፤ 2.4 ላይ መቆየት ካለበት ከቻናል 1፣ 6 ወይም 11 ጎረቤት ያልጨናነቀውን ምረጡ። ራውተሩን ከሸክላ ማጫወቻና ከፎኖ ግብዓት (ሸክላ ማጫወቻው የሚሰካበት) ቢያንስ 1 ሜትር አርቁት። የሚቆራረጥ ሙዚቃ ካለ ከኮምፒውተር ወደ ስትሪመሩ 100 ጊዜ ፒንግ አድርጉ (መልስ የሚጠብቅ ትንሽ ፓኬት ላኩ)፤ በገመድ መልሱ 1 ሚሊ ሴኮንድ አካባቢ መሆን አለበት፣ አንድም ፓኬት መጥፋት የለበትም።

ስትሪመሩን ለብቻው በቪላን (ከቤቱ ኔትወርክ ተለይቶ በተከፈለ ኔትወርክ) ወይም በእንግዳ ኔትወርክ ላይ ማስቀመጥን አንመክርም። ለድምፁ የሚያመጣው ነገር የለም፤ የስልኩ አፕ ስትሪመሩን የሚፈልግበት ጥሪ ደግሞ ከአንዱ ኔትወርክ ወደ ሌላው በራሱ ስለማያልፍ ዕቃው «አልተገኘም» ይላችኋል።

ኃይልና የአዳፕተር ፍሳሽ

ስትሪመሩን፣ ዳኩን (ዲጂታሉን ሙዚቃ ወደ አናሎግ ሲግናል የሚቀይረውን) እና አምፕሊፋየሩን ግራውንድ ካለው አንድ ሶኬት፣ በአንድ ጥሩ ዲቫይደር አብሏቸው። የግራውንዶቹ መገናኛ እርስ በርስ በቀረበ ቁጥር በመካከላቸው የሚፈጠረው የቮልቴጅ ልዩነት ያንሳል። ዲቫይደሩ ላይ ማሞቂያ ወይም ካውያ አትሰኩ።

ትንንሾቹ ስዊቺንግ አዳፕተሮች በግቤትና በውጤት መካከል ጥቂት ከረንት የሚያሳልፍ ዋይ ካፓሲተር የሚባል ክፍል አላቸው። በ230 ቮልትና በ50 ኸርዝ 1 ናኖፋራድ ካፓሲተር 72 ማይክሮ አምፔር ያህል ያሳልፋል። ያ ከረንት በአርሲኤ ገመዱ ሽልድ ሲመለስ የገመዱ መገጣጠሚያ 0.1 ኦም ከሆነ 7 ማይክሮ ቮልት ይፈጥራል፤ ከ2 ቮልት ሲግናል አንጻር 109 ዴሲቤል በታች ነው፣ አይሰማም። የዛገ ወይም የላላ ጫፍ 1 ኦም ቢሆን ግን ወደ 89 ዴሲቤል በታች ይወጣል። አዲስ አዳፕተር ከማሰብ በፊት የአርሲኤ ጫፎቹን በኮንታክት ማጽጃ ጥረጉ፣ የላላውን ቀይሩ የምንለው ለዚህ ነው።

ፍሳሹን መለካት ትችላላችሁ። ሁሉንም አጥፉና የአርሲኤ ገመዱን ንቀሉ። የቴስተሩን አንድ ጫፍ በስትሪመሩ አርሲኤ ውጫዊ ቀለበት፣ ሌላውን በአምፕሊፋየሩ ቀለበት ላይ በክሊፕ ያዙ፤ በሁለቱ መካከል 10 ኪሎ ኦም ሬዚስተር አገናኙ። ቴስተሩን ወደ ኤሲ ቮልት አዙሩና ሳትነኩት አብሩ። 0.7 ቮልት ካነበበ ከረንቱ 70 ማይክሮ አምፔር ነው። የኔትወርክ ገመዱን ሰክታችሁና ነቅላችሁ ሁለቱን ንባብ አወዳድሩ፤ ሲነቀል በግልጽ ከቀነሰ ፍሳሹ የሚመጣው በዚያ በኩል ነው። ከ5 ቮልት በላይ ካነበበ አጥፉ፤ ያ ተራ ፍሳሽ ሳይሆን ብልሽት ነው።

አዳፕተሩን በሊኒየር ፓወር ሰፕላይ ከቀየራችሁ ቮልቴጁ በትክክል አንድ፣ አምፔሩ እኩል ወይም የበለጠ ይሁን፤ የመካከለኛው ፒን ፖዘቲቭ መሆን አለመሆኑንም ከስትሪመሩ ጀርባ አንብቡ። ፖላሪቲው ከተገለበጠ ዕቃው ሊቃጠል ይችላል። 5.5 በ2.5 ሚሊሜትር ጫፍ 2.1 ፒን ላይ ይገባል፣ ግን ይላላል፤ ስትሪመሩ በነኩት ቁጥር ጠፍቶ የሚነሳው በዚህ ነው።

ግራውንድ

የስፒናውን የግራውንድ ፒን አትቁረጡ፣ በቴፕም አትሸፍኑ። ጉምጉምታው ሊጠፋ ይችላል፤ ውስጥ ያለ ሽቦ ሻሲውን የነካ ዕለት ግን ፊውዙ አይበጠስም፣ ከረንቱ በሰው ያልፋል። ባለ ግራውንድ ስፒና ያለው ዕቃ ሻሲው ሲነካ የሚነዝር ከሆነ ግራውንዱ የሆነ ቦታ ተበጥሷልና ድምፁን ትታችሁ ኤሌክትሪሻን ጥሩ።

መቆረጥ ያለበት የሲግናሉ መንገድ ነው። ከስትሪመር ወደ ዳክ ከሆነ ኦፕቲካል ገመድ ቀላሉ ነው፤ ብዙ ዕቃ ላይ 96 ኪሎ ኸርዝ ድረስ ያለ ችግር ይሠራል። ዩኤስቢ ከሆነ አይሶሌተር አለ፤ ስትገዙ 480 ሜጋቢት የሚያልፍ መሆኑን አረጋግጡ፣ የ12 ሜጋቢቱ ከ24 ቢት 96 ኪሎ ኸርዝ አያልፍም። ሁለቱም ዕቃዎች ኤክስኤልአር (ባለ ሦስት ፒን) ሶኬት ካላቸው ባላንስድ ገመድ ተጠቀሙ።

ይህ ሁሉ ከሌለ በአርሲኤ መስመሩ ላይ 1 ለ 1 የኦዲዮ ትራንስፎርመር ይገባል። ኮሩ (ውስጡ ያለው ብረት) ትንሽ የሆነ ርካሽ ትራንስፎርመር በጠንካራ ባስ ይሞላና ያዛባል። ስለዚህ በምታውቁት የባስ ጊታር ትራክ፣ በከፍተኛ ቮልዩም፣ ትራንስፎርመሩን አስገብታችሁና አውጥታችሁ አዳምጡ፤ ዝቅተኛው ኖታ ከሳሳ ወይም ከሻከረ መልሱትና ትልቅ ኮር ያለው ግዙ።